የሰፈር ክራፍት ቢራ ቤት ስትሄዱ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምንኖር ብዙዎቻችን ሰፈር ውስጥ አንድ ክራፍት ቢራ ቤት አይጠፋም። ማታ ከሥራ ስንመለስ በመስኮቱ እናየዋለን፤ ግን አንገባም። "ምን ብዬ ነው የማዘው?" የሚል አለ። "ለእኛ የሚሆን ቦታ አይደለም" የሚልም አለ። እኔ እነዚህን ቤቶች እወዳቸዋለሁ፤ ሐበሻም ቢለምዳቸው ደስ ይለኛል። ጓደኞቼ፣ ዘመዶቼና ከአገር ቤት የሚመጡ እንግዶች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ክራፍት ቢራ ማለት ምንድን ነው?

በትልልቆቹ የመጠጥ ኩባንያዎች እጅ ያልገባ፣ አነስ ያለ ጠማቂ የሚጠምቀው ቢራ ነው። የአሜሪካ ጠማቂዎች ማኅበር፣ ብሩወርስ አሶሲዬሽን የሚባለው፣ መስፈርት አለው። ጠማቂው በዓመት ከ6 ሚሊዮን በርሜል በላይ ማምረት የለበትም። ክራፍት ጠማቂ ያልሆነ የአልኮል ኩባንያ ድርሻ ካለውም ከ25 በመቶ በታች መሆን አለበት። 6 ሚሊዮን በርሜል መቼም ትንሽ አይደለም። የሰፈራችሁ ጠማቂ ግን የዚያን ጥቂቱን እንኳን አይጠጋም። ብዙ ጊዜ ቢራውን የጠመቀው ሰው እዚያው ከጀርባ ነው፤ ቦት ጫማውን አድርጎ በብረት ጋኖቹ መሀል ወለል ሲያጥብ ታዩታላችሁ።

ታሪኩ ለእኛ ሰዎች ይገርማል። አሜሪካ ውስጥ ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ጋራዡ ውስጥ አንድ በርሜል የሚጠምቅ ሰው ሕግ እየጣሰ ነበር። እኛ ደግሞ እናቶቻችን ለሠርግ፣ ለማኅበርና ለጥምቀት ጓዳ ውስጥ ሲጠምቁ እያየን ነው ያደግነው። ሕጉ ከወጣ በኋላ ቤታቸው መጥመቅ የጀመሩ ሰዎች ቀስ በቀስ የራሳቸውን ጠመቃ ከፈቱ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በመላ አገሪቱ የነበሩት ቢራ ጠማቂዎች 100 አይሞሉም ነበር። ዛሬ ከ9 ሺህ በላይ ናቸው።

ዲሲም የራሷ ታሪክ አላት። የክርስቲያን ሁሪክ ቢራ ፋብሪካ በ1956 ከተዘጋ በኋላ ከተማዋ ቢራ አሽጎ ለገበያ የሚያወጣ ጠማቂ አልነበራትም። ዲሲ ብራው የመጀመሪያውን ቢራ ያወጣው በ2011 ነው። በመሀሉ 55 ዓመት አለፈ።

ጊዮርጊስና ሐረርስ?

ክራፍት አይደሉም። የትልቅ ፋብሪካ ቢራዎች ናቸው። ጊዮርጊስ ከ1922 ጀምሮ የተጠመቀ የአገራችን ቀደምት ቢራ ነው፤ ክብሩ የራሱ ነው። እነሱን ከፈለጋችሁ የሐበሻ ምግብ ቤት ሂዱ።

ታፕሩም፣ ብሩፐብ፣ ቢር ባር ይባላል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ታፕሩም ጠማቂው የራሱን ቢራ ብቻ እዚያው ጠመቃው ውስጥ የሚቀዳበት ነው። ብሩፐብ ላይ ወጥ ቤት ይጨመርበታል። ቢር ባር ደግሞ የብዙ ጠማቂዎችን ቢራ ሰብስቦ ይሸጣል።

ሦስተኛው ዓይነት ዲሲ ውስጥ የቆየ ባህል ነው። ዱፖንት ሰርክል አጠገብ የነበረው ብሪክስኬለር በ1957 ተከፍቶ በ2010 እስኪዘጋ ድረስ ከሺህ በላይ የቢራ ዓይነት በመያዝ የታወቀ ነበር። 14ኛው መንገድ ላይ ያለው ቸርችኪ በ2009 ሲከፈት 50 ድራፍት፣ 5 ካስክና ከ500 በላይ የጠርሙስ ቢራ ይዞ ነው የመጣው። ካስክ የሚባለው ጋዝ ሳይጨመርበት በእጅ ፓምፕ የሚቀዳው ነው። የሚጠመቅበትን ዕቃ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ በ2013 የተከፈተው ብሉጃኬት አለ። ኔቪ ያርድ ሰፈር ውስጥ፣ ድሮ የቦይለር ፋብሪካ በነበረ ሕንጻ ውስጥ ነው፤ ጋኖቹ ከወለል እስከ ላይኛው ፎቅ ይታያሉ።

ሰሌዳው ላይ ሃያ ስም ተጽፏል። ምን ልዘዝ?

ይህ ጥያቄ ነው ብዙ ሰው በር ላይ የሚያስቀረው። እኔ የምመልሰው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ጠላ ትወዳላችሁ? ጠላ የቀመሰ ምላስ እዚህ ባይተዋር አይሆንም።

ጉሽ ጠላ የሚወድ ሰው ያልተጣራ ቢራ አይከብደውም። ሄፈቫይሰን የሚባለውን የጀርመን የስንዴ ቢራ ይሞክር። ድፍርስ ነው፤ ሙዝና ቅርንፉድ ይሸታል። ግን ሙዝም ቅርንፉድም አልገባበትም፤ ሽታው የሚመጣው ከእርሾው ነው። ሄዚ አይፒኤም (አይፒኤ ሆፕስ የሚባል አበባ የበዛበት ቢራ ነው) ድፍርስ ነው፤ እሱ ደግሞ ማንጎና ብርቱካን ብርቱካን ይላል። እዚያም ፍሬ የለም፤ ሽታው የሆፕስ ነው።

በወይራ የታጠነ እንሥራ ሽታው ናፍቋችሁ ከሆነ "ጭስ ያለው ቢራ አላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሁልጊዜ አይኖርም፤ ሲኖር ግን እንዳያመልጣችሁ። ባምበርግ በምትባል የጀርመን ከተማ ብቅሉን በእንጨት ጭስ እያደረቁ የሚጠምቁት ራውሕቢር የሚባል ቢራ አለ፤ የአሜሪካ ጠማቂዎችም ይሞክሩታል። እኛ የምናጥነው ዕቃውን ነው፤ እነሱ ብቅሉን። ስለዚህ የእነሱ ጭስ ወፍራም ነው፤ ሥጋ ሥጋ ሊላችሁ ይችላል። የመጀመሪያው ጉንጭ ግር ይላል፤ ሦስተኛው ላይ ብርጭቆውን አትለቁም።

ኮምጠጥ ያለ ጠላ የሚስማማው ሰው ጎዘ ወይም በርሊነር ቫይሰ ይዘዝ። ጎዘ ጨውና ድንብላል ይገባበታል። ዲሲ ሐምሌ ላይ ስትወብቅ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ጠቆር ያለውን ለሚመርጥ ስታውትና ፖርተር አሉ። ቀለማቸውና የቡናና የቸኮሌት የሚመስለው ጣዕማቸው ከተቆላ ገብስ ነው። አንዳንዶቹ ግን እውነተኛ ቡና ይጨመርባቸዋል፤ የእኛ አገር ቡና የሚጨምሩም አሉ። ሰሌዳው ላይ ይርጋ ጨፌ ወይም ሲዳማ የሚል ካያችሁ ቅመሱት።

የአይፒኤ ነገር ትንሽ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። ምሬቱ ከሆፕስ ነው። ሆፕስ አበባ ነው፤ ከጌሾ ጋር ዘመድ አይደለም፤ ሥራቸው ግን ይቀራረባል። ሁለቱም ማር ማር የሚለውን ጥንስስ ያመሩታል፤ ከመበላሸትም ይጠብቁታል። ጌሾ የበዛበት ጠላ የሚጠጣ ሰው ዌስት ኮስት አይፒኤ ሊወድ ይችላል። ምሬቱም አልኮሉም የበረታውን ደብል አይፒኤን ግን በመጀመሪያው ቀን አትንኩት። ብዙ ሰው እሱን ቀምሶ "ክራፍት ቢራ ይመራል" ብሎ በዚያው ይቀራል። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ከሃያው ውስጥ የሚስማማው አንድ አያጣም ነበር።

እና "እኔ የምፈልገው ቀዝቃዛ፣ ቀላል፣ ንጹሕ ቢራ ነው" ከሆነ ፒልስነር በሉ። በ1842 ቦሄሚያ ውስጥ ፕልዘን ከተማ የተጀመረ ቢራ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው አብዛኛው ቢጫ ቢራ፣ የእኛዎቹም ጭምር፣ ዘሩ ከእሱ ነው። በጥሩ ጠማቂ እጅ የወጣ ፒልስነር ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ብዙ ሰው አያውቅም።

ሳልገዛ መቅመስ እችላለሁ?

አዎ። አንድ ሁለት ጉንጭ ማስቀመስ የተለመደ ነው፤ ማንም ቅር አይለውም። ከሁለት በላይ መቅመስ ከፈለጋችሁ ግን ፍላይት እዘዙ። አራት ትንንሽ ብርጭቆዎች በአንድ እንጨት ላይ ተደርድረው ይመጣሉ፤ እያንዳንዳቸው 4 ወይም 5 አውንስ ይይዛሉ። ከቀላሉ ጀምራችሁ ወደ ከባዱ፣ ከነጣው ወደ ጠቆረው ሂዱ። መራራውን ካስቀደማችሁ ምላሳችሁ ይደነዝዝና የሌላውን ጣዕም አትለዩትም።

እኔ የምወደው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቤቱ ሳይሞላ መሄድ ነው። ያኔ ባርቴንደሯ ጊዜ አላት። ስትቀዳም አስተውሏት። ብርጭቆውን ገልብጣ በውሃ ታለቀልቀዋለች። ዘንበል አድርጋ ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ትከፍታለች። ግማሽ ሲያልፍ ብርጭቆውን ቀና ታደርገዋለች፤ ሁለት ጣት የሚሞላ አረፋ ይነሳል። ያ አረፋ ጉድለት እንዳይመስላችሁ። የቢራው ሽታ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ምን እንደምትሉ ከጠፋችሁ "እስካሁን የምጠጣው ይህን ነው፤ መራራ አልወድም፤ ምን ትመክሪኛለሽ?" ይበቃል። እነዚህ ሰዎች ስለ ቢራ መጠየቅ ደስ ይላቸዋል።

ለምን በትንሽ ብርጭቆ ሰጡኝ? አጭበረበሩኝ እንዴ?

አላጭበረበሩም። አልኮሉ ከፍ ያለ ቢራ በ8 ወይም በ10 አውንስ ብርጭቆ ነው የሚቀዳው። ከስሙ አጠገብ ያለውን ፐርሰንት ተመልከቱ። አሜሪካ ውስጥ "አንድ መጠጥ" ተብሎ የሚቆጠረው 12 አውንስ፣ 5 ፐርሰንት የሆነ ቢራ ነው። 16 አውንስ፣ 9 ፐርሰንት የሆነ አይፒኤ የጠጣ ሰው ሁለት ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረው መጠጥ ነው በአንድ ብርጭቆ የጨረሰው። ሁለት ከደገመ አምስት ደረሰ ማለት ነው። አገር ቤት በጃምቦ የለመደ ሰው ልብ ማለት ያለበት ይህን ነው። ቁጥሩ እንጂ የብርጭቆው ብዛት አይነግራችሁም።

መታወቂያ ይጠይቃሉ?

ይጠይቃሉ፤ ፀጉራችሁ ቢሸብትም። ዕድሜው 21 ነው። ለጉብኝት የመጣ ዘመድ ካላችሁ ፓስፖርቱን ይዞ ይምጣ። የቀበሌ መታወቂያ የልደት ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ በር ላይ ክርክር ያስነሳል።

ክፍያውና ቲፑ እንዴት ነው?

ስታዝዙ "ታብ ልክፈት?" ይሏችኋል። ካርዳችሁን ይዘው ሁሉንም መጨረሻ ላይ ይሠሩላችኋል። ለአንድ ብርጭቆ አንድ ዶላር፣ ወይም ከጠቅላላው ከ18 እስከ 20 ፐርሰንት ቲፕ ይተዋል። በቨርጂኒያ ሕግ ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ ቀጣሪው በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ ቢከፍለው ይችላል፤ ስለዚህ ቲፑ ደሞዝ ነው። ዲሲ ውስጥ ግን ደረሰኙን አንብቡ። አንዳንድ ቤቶች ሰርቪስ ቻርጅ አስቀድመው ይጨምራሉ።

የእኛን ግብዣ ነገርም ላንሳ። "በሞቴ እኔ ልክፈል" እየተባባሉ ካርድ መቀማማት ባርቴንደሩን ያስጨንቀዋል፤ ማንን መስማት እንዳለበት ግራ ይገባዋል። ጋባዡ እናንተ ከሆናችሁ ቀድማችሁ ገብታችሁ ታቡን በስማችሁ ክፈቱ። እንግዳው ሲደርስ ነገሩ አልቋል።

ሴት ልጅ ብቻዋን ብትሄድ አያስነውርም?

በፍጹም። መጽሐፍ ይዛ ባንኮኒው ጋ የምትቀመጥ፣ ከጓደኞቿ ጋር የምትመጣ፣ ጠማቂዋ ራሷ ሴት የሆነች፣ ሁሉም አለ። እዚህ አገር ውስጥ እየኖርን እህቶቻችንን "ቢራ ቤት ታየች" ብሎ ማማት የሚያሳፍረው አሚውን ነው። የጠላና የጠጅ ጥበብ ይዞ እስከ ዛሬ ያደረሰልን የሴቶች እጅ ነው።

ልጆች ይዤ ልሄድ? ምግብስ አለ?

ታፕሩሞች ብዙዎቹ ልጅ ይቀበላሉ፤ ውሻም እንዲሁ። ከቀትር በኋላ ጋሪ የሚገፉ ወላጆች ሞልተው ታያላችሁ። ከመሸ በኋላ የሚከለክሉ ስላሉ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ምግብን በተመለከተ፣ ቨርጂኒያ ከ2012 ጀምሮ ጠማቂዎች ምግብ ቤት ሳይከፍቱ ቢራቸውን በብርጭቆ እንዲሸጡ ፈቅዳለች። ለዚህ ነው ብዙ ቦታ ወጥ ቤት የሌለው፤ በር ላይ የምግብ መኪና ይቆማል። ብዙዎቹም ምግብ ከውጭ ይዛችሁ እንድትገቡ ይፈቅዳሉ። ጠይቃችሁ፣ ጥብስና እንጀራ አስጠቅልላችሁ ሂዱ። እዚህ ላይ ግን ምርጫው ወሳኝ ነው። አዋዜና ሚጥሚጣ ከኃይለኛ አይፒኤ ጋር አይሄዱም፤ ምሬቱና አልኮሉ ቃጠሎውን ያባብሱታል። ለክትፎም ለደረቅ ጥብስም ብቅሉ ጣፈጥ የሚል፣ ቀላ ያለ ላገር ፈልጉ። አምበር ላገር ወይም ቪየና ላገር ይሉታል። ሽሮ ካለ ከስንዴ ቢራ ጋር ሞክሩት።

በጾም ወቅትስ?

መጠጣትና አለመጠጣቱ የእናንተና የንስሐ አባታችሁ ጉዳይ ነው። ቢራው ውስጥ ምን እንዳለ ግን ልንገራችሁ። መደበኛ ቢራ ውሃ፣ ብቅል፣ ሆፕስና እርሾ ነው። ሚልክ ስታውት እና ሚልክሼክ አይፒኤ የሚባሉት ግን የወተት ስኳር፣ ላክቶስ፣ ይገባባቸዋል። ስለዚህ የፍስክ ናቸው። ላክቶስ ሆድ ለሚነፋውም ሰው ያው ነው። ካስክ ቢራ ደግሞ አንዳንዱ የሚጣራው ከዓሣ ፊኛ በሚገኝ ነገር ነው። ዓሣ በጾም የማይነካ ሰው ይጠይቅ።

አልኮል አልጠጣም። ጓደኞቼ ግን እዚያ ነው የሚገናኙት።

ሂዱ፤ ማንም አያስገድዳችሁም። "ነን አልኮሆሊክ" የሚል ቢራ ግን አሜሪካ ውስጥ እስከ 0.5 ፐርሰንት አልኮል ሊኖረው እንደሚችል እወቁ። በሃይማኖት ወይም በጤና ምክንያት ጨርሶ ለማይነካ ሰው 0.0 የሚለውን መምረጥ ይሻላል። ሆፕ ዋተርም አለ፤ በሆፕስ የተጠመቀ ጋዝ ያለው ውሃ ነው። ለወዳጆቻችሁም አንድ ቃል፦ የማይጠጣን ሰው "ለምን?" ብላችሁ አታጨናንቁት።

የመጣልኝ ቢራ ካልጣመኝ?

ሁለት ነገር ነው። ቢራው ደህና ሆኖ እናንተ ካልወደዳችሁት፣ ያዘዛችሁት ነውና ትከፍላላችሁ። አስቀድሞ መቅመስ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ቢራው ራሱ ተበላሽቶ ከሆነ ግን ያለ ይሉኝታ መልሱ። እርጥብ ካርቶን የሚሸት ቢራ አየር ገብቶበት አርጅቷል። ቅቤ ቅቤ የሚል ፒልስነር በአግባቡ ሳይበስል ወጥቷል ወይም የቧንቧ ጽዳት ጎድሎታል። በጨዋ ቃል "ይህ ትክክል ነው?" በሉ። ጥሩ ቤት ራሱ ቀምሶ ይቀይራል። የሚከራከራችሁ ቤት ከሆነ ሌላ ቤት አለ።

ሁለት ብቻ ጠጥቼ መኪና ብነዳስ?

አትንዱ። ስለ ብርጭቆዎቹ የተናገርኩትን አስታውሱ፤ ሁለት ያላችሁት አምስት ሊሆን ይችላል። በዲሲ፣ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም በደም ውስጥ ያለ የአልኮል ገደብ 0.08 ፐርሰንት ነው። የንግድ መኪና ለሚነዳ፣ ሲዲኤል ለያዘ፣ ትራኩ ላይ ሆኖ ገደቡ 0.04 ነው። በሲዲኤል፣ በታክሲና በኡበር ቤተሰብ የሚያስተዳድር ወንድማችን ብዙ ነው፤ አንድ ዲዩአይ፣ ጠጥቶ የመንዳት ክስ፣ የዓመታት ልፋቱን ያሳጣዋል።

የወረቀት ጉዳይም አለ። ቪዛ ያለው ሰው ጠጥቶ ሲነዳ ከተያዘ፣ ገና ፍርድ ሳይሰጥ ቪዛው ሊሰረዝ ይችላል። ለዜግነት ሲያመለክቱም የዲዩአይ ሪከርድ ጥያቄ ያስነሳል፤ ሁለት ከሆነ ነገሩ በጣም ይከብዳል። የኡበር 15 ዶላር ለዚህ ሁሉ ርካሽ ነው። ሜትሮ አጠገብ ያለ ቤት ከመረጣችሁ ደግሞ እሱንም ታተርፋላችሁ።

ወደ ቤት ይዤ መሄድ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። አብዛኞቹ በጣሳ የታሸገ ይሸጣሉ። ከቧንቧው ከፈለጋችሁ ግራውለር የሚባለው ጠርሙስ 64 አውንስ፣ ወደ 1.9 ሊትር፣ ይይዛል። ክራውለር ደግሞ እዚያው በማሽን የሚታሸግ 32 አውንስ ጣሳ ነው። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ግራውለር ከተከፈተ በነጋታው ጋዙ ስለሚወጣ ሰው ጠርታችሁ በአንድ ማታ ጨርሱት። መኪና ውስጥ የተከፈተ አልኮል ሕግ አለ፤ ስለዚህ ሳትከፍቱ ከኋላ፣ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ አድርጉት።